ጽዋው የዘለለው ስልከኛ

ጋሽ በዳሳ መሞቱን የሰማሁት በስልክ ነው። ያኔ የሞጆ ስልከኛ ነበርኩ። ጠዋት እጀታውን አዙሬ አዳማን ስጠራ የመለሰልኝ የሱ ድምፅ አልነበረም። የሱ ቢሆን ኖሮ ማዳመጫውን ከጆሮዬ አርቄ እይዘው ነበር። ጋሽ በዳሳ በስልክ ሲናገር ሽቦውን የማያምን፣ ድምፁን በአየር ላይም ጭምር የሚልክ ይመስል ነበርና።

«ስልከኛው የት ሄደ?» አልኩ።

«አረፈ። ወባ ነው» አለኝ የማላውቀው ሰው። «ቀብሩ ዛሬ ከሰዓት ነው ይላሉ። ማን እንደሚቀብረው ግን እንጃ» ሲል ጨመረ።

ማን እንደሚቀብረው! ሚስቱ እትዬ አስካለ ይህንኑ ጥያቄ በሕይወት ሳለ ስትጠይቀው ኖራለች። እሱም ሁልጊዜ የሚመልስላት አንድ መልስ ነበረው። ማዳመጫውን ሰቅዬ፣ ለሹሜ ተናግሬ፣ ወደ ታች የሚወርደውን ባቡር ለመያዝ ወጣሁ።

ሰው ሲሞት የሚወራለትን አላምንም። በአገራችን ክፉ ሰው ሞቶ አያውቅም፤ ከአልጋው የወረደ ሬሳ ሁሉ ደግ፣ ለድኻ አዛኝ፣ በእግሩ ጉንዳን የማይረግጥ ነው። ክፉዎቹ የት እንደሚቀበሩ እስከ ዛሬ አልደረስኩበትም። ስለዚህ ጋሽ በዳሳ ደግ ነበር ብዬ አልጀምርም። ነገረኛ ነበር። ቤቱም ውስጥ እንደ ስልክ ቤቱ ይጮኻል። ሰው ተረት ሲያወራ መሃል ገብቶ ያርማል። ሱረት ብትለምነው አይነፍግህም፤ ነገር ግን ሳምንቱን ሙሉ ባገኘህ ቁጥር «ያ ሱረቴ እንዴት ነው? ተስማማህ?» እያለ ይጠይቅሃል።

«እሱ» እያልኩ የምጽፈውም ንቄው አይደለም። ብዙ ዓመት ይበልጠኝ ነበር፤ ወደ ሞጆ ሳልዛወር በፊት አዳማ ስልክ ቤት አብሮ አሠርቶ ሥራውን ያስተማረኝም እሱ ነው። የመጀመሪያ ቀን «እርስዎ» ስለው ተቆጣኝ። «አንቱ አትበለኝ። ሰው አንቱ የሚለኝ ሊለየኝ ሲያስብ ነው» አለኝ። ያኔ ፌዝ መስሎኝ ነበር።

በኋላ ናዝሬት የተባለችው አዳማ በዚያን ጊዜ ባቡር ሲመጣ የምትነቃ፣ ባቡር ሲሄድ መልሳ የምትተኛ ከተማ ነበረች። ጣቢያው፣ ጥቂት የግሪክና የዓረብ ሱቆች፣ በቁልቋል የታጠሩ ቤቶች፣ ከዚያ በኋላ አቧራ። ስልክ ቤቱ ከጣቢያው አለፍ ብሎ ያለ የቆርቆሮ ክዳን ክፍል ነው፤ ከቀትር በኋላ እንጀራ ባይጋገርበትም ሰው ይጋገርበታል። ሳጥኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እጀታውን ታዞራለህ፣ አፍህን ወደ ሳጥኑ ትሰጣለህ፣ በገመድ የተንጠለጠለውን ማዳመጫ ጆሮህ ላይ ትለጥፋለህ። መስመሩ ደካማ ስለነበረ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ድምፅ ጉድጓድ ውስጥ የወደቀች ትንኝ ድምፅ ያህል ነው። ስለዚህ ጋሽ በዳሳ ማዳመጫውን አጥብቆ ይጫነዋል፤ ከጠዋት እስከ ማታ፣ በላብና በአቧራ መካከል።

ብጉንጁ የሚወጣውም እዚያው ነበር፤ ከጆሮው ፊት፣ ጉንጭና ጆሮ ከሚገናኙበት። መጀመሪያ ቆዳው ይቀላል። ቀጥሎ ውሃ የቋጠሩ ደቃቅ ነገሮች ይወጣሉ። ከዚያ አንዱ ይመረጥና ያብጣል፣ መግል ይይዛል፣ ይፈነዳል፣ ይደርቃል። ገና ሳይደርቅ ወንድሙ ከጎኑ ይነሣል። የቀኙ ሲያመው ማዳመጫውን ወደ ግራ አዞረ፤ ግራውም ተራውን ጀመረ።

ከተማው ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ አልደከመም። ሰው በሌለበት የሰው ድምፅ የሚያሰማ ነገር ሰይጣን ነው፤ ሰይጣን ደግሞ ሲተነፍስ እሳት ነው፤ ጆሮውን ለሰይጣን አፍ የሰጠ ሰው ይቃጠላል። አለቀ። እኔ ከዚያ ወዲህ ስለ ቆዳ በሽታ የተጻፈ ነገር ባገኘሁ ቁጥር አንብቤአለሁ። መጻሕፍቱ አምስት ምክንያት ይሰጡና ስድስተኛውን አናውቅም ይላሉ። አዳማ ግን አንድ ምክንያት ብቻ ነበራት፤ ጥርጥርም አልነበራትም። ዕውቀት ከእምነት ጋር ሲታገል የሚወድቀው ለዚህ ይመስለኛል፤ አንዱ ሲያመነታ ሌላው ይመታዋል።

ጋሽ በዳሳ ሲነግሩት ይስቅ ነበር። «ሰይጣን ቢሆንማ አንድ ቀን እንኳ የሚጥም ወሬ ያወራኝ ነበር» ይላል። «ይኼ ቀኑን ሙሉ የሚነግረኝ ስለ ጠፋ በቅሎና ስለ ዘገየ ባቡር ነው። እንዲህ ያለ ሰነፍ ሰይጣን የት አለ?»

ሳቁ የቆመው የማርያም ማኅበሩ ተራ የደረሰው ጊዜ ነው።

ጽዋ ማኅበር ምን እንደሆነ የማያውቅ አንባቢ የለም፤ ግን ያኔ ምን እንደነበረ የሚረሳ አይጠፋም። በወር በወሩ በአንዱ ቤት ተሰብስቦ፣ ካህኑ ባርኮ፣ ከአንድ ጽዋ አፍ ለአፍ መጠጣት ብቻ አልነበረም። ስትታመም የሚጠይቅህ፣ ስትሞት የሚሸከምህ ማኅበርተኛህ ነው። ከዘመድ አገር ርቆ በባቡር ጣቢያ ለሚኖር ሰው ጽዋው ዘመድ ነው። ጽዋው ቤትህ የማይገባ ከሆነ በቁምህ ተቀብረሃል፤ ስትሞት ግን የሚቀብርህ የለም።

የማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴ የሚባሉት፣ ባላምባራስ ደጀኔ ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን የምለው ሞተው ስለሆነ አይደለም። የሚፈሩት ብቻ ብዙ ነበር፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ «ምን ይባላል» የሚሉትን ይፈሩ ነበር።

በዚያ ወር ተራው የጋሽ በዳሳ ነው። እትዬ አስካለ ጠላዋን ጠመቀች፣ ዳቦዋን ጋገረች፣ ግቢዋን ጠርጋ ቄጤማ ጎዘጎዘች። እኔም እንግዳ ለመቀበል ታዝዤ ከበር ቆሜአለሁ። ጽዋው በነጠላ ተሸፍኖ፣ በእልልታ ታጅቦ በቁልቋሉ ጥግ ብቅ አለ። ወደኛ መጣ፣ ቀረበ። ከአጥሩ ጫፍ ሲደርስም ታጠፈና ወደ ማዶው ቤት አመራ።

እልልታው ቀጥሏል። ጋሽ በዳሳ እየሮጠ ወጣ።

«ባላምባራስ! ቤቱ ይኼ ነው! መንገድ ሳቱ እንዴ?»

ባላምባራስ ቆሙ። ዓይናቸው መሬት መሬት እያየ፣ «አልሳትንም። እርስዎ ያንን የሽቦ ነገር ይተዉ፤ ጠበል ይጠመቁ። ሲድኑ ይመለሳሉ» አሉ። «እስከዚያው መምጣት ካሰኘዎት የራስዎን ዋንጫ ይዘው ከበር ይቀመጡ። ጽዋው አፍ ለአፍ የሚዞር ነው።»

ባላምባራስ ጋሽ በዳሳን አንቱ ሲሉት የመጀመሪያቸው ነበር። እሱም ልብ አለ፤ ዞር ብሎ አየኝ።

«ቁስሉ ጆሮዬ ላይ ነው» አለ። «የምጠጣው በአፌ ነው። በጆሮው የሚጠጣ ማኅበርተኛ ካለ እሱ ይጠንቀቅ!»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ግን በሳል ሸፈነው። ጽዋው ማዶ ገባ። እትዬ አስካለ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ በጎዘጎዘችው ቄጤማ መካከል ቆማ ቀረች። ያን ቀን ጠላውን የጠጣነው እሱ፣ እኔና ሁለት የባቡር ሠራተኞች ነን። ብዙ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ሥራውን ይተዋል፣ ወይ ከበር ይቀመጣል። ጽሑፍ የሚወዱ ሰዎች ሦስተኛ መንገድ ይጨምሩለታል፤ አገሩን ጥሎ ይሄዳል። ጋሽ በዳሳ ሦስቱንም አላደረገም። በሚቀጥለው ወር በማኅበሩ ቀን በርጩማ ይዞ ከስልክ ቤቱ ደጅ ተቀመጠ። የራሱን ዋንጫ፣ ያንኑ ባላምባራስ ይዘው ይቀመጡ ያሉትን፣ ብርዝ ሞላው። ጠላ ያልሆነበትን ምክንያት ስጠይቀው፣ «እስላሙ ምን ይጠጣ?» አለኝ። ከዚያ በስልክ ድምፁ፣ ከገበያ ጫፍ በሚሰማ ድምፅ፣ «ከብጉንጄ ጋር የሚጠጣ ይምጣ!» ብሎ ጮኸ።

መጀመሪያ ማንም አልመጣም። ሰዉ ሰፋ አድርጎ ይዞረዋል። ከዚያ ጀማል የሚባል የጣቢያ ኩሊ የተሸከመውን ጆንያ አውርዶ ላቡን እየጠረገ ቀረበ፤ በኦሮምኛም እንደምን አደርክ አለው።

«አካም ቡልቴ፣ በዳሳ። ሰይጣኑ ማር ይወዳል?»

«ጠጣና ራሱን ጠይቀው።»

ጀማል ግጥም አድርጎ ጠጣ፤ ዋንጫውን ሲመልስም የራሱን ጆሮ ዳሰስ አደረገ። «ምንም አላለኝም» አለ። «ሌላ ድገመኝ፣ ምናልባት ዓይን አፋር ይሆናል።»

ከዚያ ወር ጀምሮ የማኅበሩ ቀን ሲመጣ በአዳማ ሁለት ጽዋ ይጠጣ ነበር። አንዱ በር ተዘግቶ፣ ሁለተኛው በአደባባይ።

እትዬ አስካለ ግን ይህን ድል አልወደደችውም። ብርዙን እየበጠበጠች ታለቅስ ነበር። «ኩሊና ሾፌር ሰብስበህ ትስቃለህ» ትለዋለች። «ስትሞት ማን ይቀብርሃል?»

«ሦስት ቀን ቤት አስቀምጪኝ» ይላታል። «ሽታዬ ባላምባራስ ቤት ሲደርስ ራሳቸው መጥተው ይቀብሩኛል።»

መልሱ ይኼ ነበር። ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። እሱ ሁልጊዜ ይስቃል፤ እሷ አንድም ቀን አልሳቀችም።

ባላምባራስ አንድ ጊዜ ራሳቸው ስልክ ቤት መጡ። ልጃቸው ድሬዳዋ ተድራ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ነበር፤ አማቻቸው በስልክ ሊያነጋግራቸው ቀጠሮ ይዟል። ሲገቡ የሆነ ሽታ አብሯቸው ገባ። ባርኔጣቸውን ሲያወልቁ ምክንያቱ ታየ። በሁለቱም ጆሮአቸው ጤና አዳም ወትፈዋል፤ በላዩም ቅቤ ደፍነዋል። ቅቤው በሙቀቱ እየቀለጠ በአንገታቸው ይወርዳል። ሰይጣኑ መግቢያ እንዳያገኝ ነው።

ማዳመጫውን በሸማቸው ጫፍ ይዘው ጆሮአቸው ላይ አደረጉ።

«ማነህ! ተናገር!» አሉ። ጠበቁ። «ተናገር እንጂ! አይናገርም እኮ! ዲዳ ነው!»

ከማዳመጫው የሚወጣው የአማቻቸው ጩኸት እኔ በር ላይ ሆኜ እንኳ ይሰማኛል።

«ዲዳ አይደለም» አለ ጋሽ በዳሳ፣ በእጁም ወደ ጆሮአቸው እያመለከተ። «ቅጠሉን ያውጡት።»

«አላወጣም!» አሉ፤ እንዴት እንደሰሙት እንጃ። ማዳመጫውን ግን አልለቀቁም። የሚፈሩት ሰይጣኑን ብቻ አልነበረም፤ ልጃቸው ሞታ እንደሆነስ?

አሁን ይደራደራል ብዬ ጠበቅሁ። እኔ ብሆን እደራደር ነበር፤ «ጽዋውን ይመልሱና ወሬውን ልንገርዎ» እል ነበር። እሱ ግን ማዳመጫውን ተቀብሎ ብጉንጁ ላይ ተጫነ፣ ፊቱን አጨማዶ አዳመጠ፣ ከዚያ ባላምባራስን በሁለት እጁ ትከሻቸውን ይዞ በዚያ ድምፁ ጮኸባቸው።

«ወንድ ነው! እናቲቱም ደኅና ናት!»

ጤና አዳሙም ቅቤውም አልከለለውም። ባላምባራስ ወንበሩ ላይ ተቀመጡና አለቀሱ። ጋሽ በዳሳ እስኪጨርሱ ጠበቃቸው፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ «ባላምባራስ፣ ወሬውን ያመጣው ሰይጣን ከሆነ ልጁን ምን ሊያደርጉት ነው? ይመልሱለታል?» አላቸው።

አማተቡ፤ ባርኔጣቸውን ደፍተው ወጡ። ለምን እንዳልተደራደረ ስጠይቀው ተቆጣኝ። «ቃል መንገድ ላይ አይያዝም። የመጣለት ሰው ነው ባለቤቱ» አለኝ።

በሚቀጥለው ወርም ጽዋው ዘለለው። ወሬውን ተቀበሉ፤ የሰማውን ጆሮ አልተቀበሉም።

እዚህ ላይ የተማረው አንባቢዬ በባላምባራስ ይስቃል። አይሳቅ። ዛሬ በመሥሪያ ቤታችን አንድ ጸሐፊ ከሳለ ብርጭቆውን ማን እንደሚለየው አይቻለሁ፤ የሚለየውም ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ነው። ባላምባራስ ቢያንስ ፍርሃታቸውን ጆሮአቸው ላይ ወትፈው በአደባባይ ይሄዱ ነበር። እኛ ፈገግታ እንቀባዋለን።

የብጉንጁ ነገር የተፈታው በፋሲካ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ብጉንጁ ይደርቅ ነበር። ሁለት ዓመት ተከታትሎ እንዲህ ሆነ፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ይመለሳል። ባላምባራስ ይህን እንደ ማስረጃ ይዘው፣ «አላልኳችሁም? ጾሙ አቃጥሎ ያስወጣዋል! ሰይጣን ባይሆን ጾም ይፈራል?» ይሉ ነበር። ሰሚው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ለመሆኑ ምን ይመለስላቸዋል? ብጉንጁ በእርግጥ ጠፍቷል፤ ጾሙም በእርግጥ ጾም ነው።

በፋሲካ ዕለት ረፋድ ላይ ቤቱ ተጋብዤ ዶሮውን እየጠበቅን ነው። እትዬ አስካለ ለጋ ቅቤ በጣባ ይዛ መጣችና ከኋላው ቆማ ራሱን ትቀባው ጀመር። በመዳፏ ከአናቱ አንስታ ወደ ጆሮው ታወርደዋለች፤ ከጆሮው ፊት ስትደርስ ደግሞ በጣቷ እየደጋገመች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች በጸሎት ታሸዋለች። ለሰይጣኑ መከላከያ ነው። ዘወትር እንዲህ ታደርግ ኖሯል። በጾም ግን ቅቤ ከቤቷ አታስገባም፤ ለወጥም፣ ለራስም።

ጋሽ በዳሳ የያዘውን ድፎ ዳቦ መሶቡ ላይ መለሰው።

«አስካለ፣ በሁዳዴ ራሴ ላይ ያልነበረ ምንድን ነው?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«እስቲ እጅሽን እዪው።»

አየችው፤ ቅቤው በጣቶቿ መካከል ይወርዳል። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ጣባውን አስቀምጣ መሬት ተቀመጠች።

«እኔ ነኝ?» አለች። «ያቆሰልኩህ እኔ ነኝ?»

«አንቺ የቀባሽኝ ቅቤ ነው» አላት። «ጥላሸት የቀቡኝ እነሱ ናቸው።»

ቅቤው ቀረ። ማዳመጫውንም በየቀኑ በአረቄ ይጠርገው ጀመር። ክረምት ሳይገባ ጆሮው ዙሪያ ጠባሳ ብቻ ቀረ። በዚያ ሰሞን ባላምባራስ ሰው ላኩ፤ በጾምና በጸሎታችን ድኗልና ጽዋው በሚመጣው ወር ቤቱ ይገባል የሚል መልእክት ነው። እትዬ አስካለ ደስታዋ ወሰን አጣ፤ ጌሾዋን ወዲያው ማስጣት ጀመረች።

ጋሽ በዳሳ መልእክተኛውን አስቀምጦ አበላው። ከዚያ፣ «ለባላምባራስ እንዲህ በልልኝ» አለው። «በቁስሌ ያልተቀበለኝን ጽዋ በጤናዬ አልጠጣም። ጤነኛማ ከሆንኩ ማንም ይቀበለኛል። እኔን ከፈለጉ ስልክ ቤቱ ደጅ አለሁ፤ በኔ ዋንጫ ጠጥተው ይውሰዱኝ።»

ባላምባራስ አልመጡም። ምን ይባላል?

እትዬ አስካለ ሳምንት አላነጋገረችውም። ማነጋገር ስትጀምርም የመጀመሪያ ቃሏ ያው ነበር፤ «ማን ይቀብርሃል?»

ብዙ አሰብኩበት። ያኔ ጨዋታ ይበቃው ነበር የሚሉ አሉ፤ ድል አድርጎ እልህ ምን ያደርጋል ይላሉ። እኔ እልህ የሚባለውን ነገር ሰዎች ከሚያሙት በላይ አከብራለሁ። አንድ ሰው ጆሮው ስለዳነ ብቻ ቢመለስ ኖሮ ቀጥሎ ብጉንጅ የሚወጣበት ሰው ከበር ይቀመጥ ነበር።

በባቡር አዳማ ስደርስ ቀትር አልፏል። ግቢው ሞልቷል፤ የጣቢያ ኩሊዎች፣ የባቡር ሠራተኞች፣ ገበያተኞች፣ በወር በወሩ ያን ብርዝ የቀመሱ ሁሉ። ሬሳው ቃሬዛ ላይ ነው። ጀማል የፊቱን እጀታ ይዞ ቆሟል። ሊነሣ ሲል በቁልቋሉ ጥግ፣ ያን ቀን ጽዋው ከታጠፈበት ቦታ፣ ባላምባራስ ከነማኅበርተኞቻቸው ብቅ አሉ። ሽታ አልጠበቁም። አርጅተዋል፤ በምርኩዝ ነው የመጡት።

«አስካለ ልጄ» አሉ፤ «ማኅበርተኛችን ነበር። በኛ ትከሻ ይሂድ። እስላም ተሸክሞት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲደርስ ምን ይባላል?»

እትዬ አስካለ አየቻቸው። እንደ ልማዷ ታለቅሳለች፣ ለዓመታት ስትመኘው የኖረችው ይኼ ነውና እግራቸው ላይ ትወድቃለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ዞራ ቤት ገባች። ስትመለስ የባሏን ዋንጫ እስከ አፉ ሞልታ ይዛለች።

«እሱ ጠጥቶበታል» አለች። «እነ ጀማልም ጠጥተውበታል። አላጠብኩትም።»

ባላምባራስ ወዲያና ወዲህ አዩ። ነጻ እጃቸው ሳያስቡት ወደ ጆሮአቸው ሄደ።

«ዛሬ ቅጠል የለም፣ ባላምባራስ» አለች። «ይጠጡ።»

ምርኩዛቸውን ለጎረቤታቸው ሰጥተው ዋንጫውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ጉሮሮአቸው ከፍ ዝቅ ሲል ሁላችንም እናያለን። ሲጨርሱ እትዬ አስካለ ዋንጫውን ተቀብላ ወደ መሬት ደፋችው። አንዲት ጠብታ አልወረደችም።

«የፊቱን ጀማል ይዞታል» አለች። «እርስዎ ከኋላ ያንሱት።»